ውሃ የጠጣ ጎማ

ሰኞ ጠዋት ትራክተሩ አነከሰ።

ካሳዬ ከመጋዘኑ አውጥቶ አሥር ሜትር ያህል እንደነዳው ነው የታወቀው። የኋላ ጎማዎቹ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ወንበሩ ወገቡን ይመታዋል። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ጎማው አልተነፈሰም። ድንጋይም አልሰነቀረም። በመፍቻ መታው። ደህና ጎማ ሲመታ ድም ይላል። ይኼኛው ቀው አለ።

ብርዱ ከዜሮ በታች አሥራ አራት ነበር። ካሳዬ መፍቻውን እንደያዘ ቆመ። ነገሩ ወዲያው ገብቶታል። ጎማዎቹ ውስጥ ውሃ አለ። ውሃው በረዶ ሆኗል። ውሃውን ያስገባው ራሱ ነው።

ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ውስጥ የአንድ ባለ አሥራ ሰባት ፎቅ የኪራይ ሕንጻ ሱፐር ነው። ሱፐር ማለት ቧንቧ ሲያፈስ የሚጠራ፣ ሊፍት ሲቆም የሚሰደብ፣ በረዶ ሲጥል ሰው ሳይነሳ ተነስቶ የሚጠርግ ሰው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ምድር ላይ ያለችው ባለ አንድ መኝታ ቤቱ ከሥራው ጋር የተሰጠችው ናት። ሥራው ከሄደ እሷም ትሄዳለች።

ትራክተሩን አስተዳደሩ ያገለገለ ነው የገዛው፣ ከሦስት ዓመት በፊት። ትንሽ ነው፤ ከቤት መኪና አይበልጥም። ዕድሜውን የጎልፍ ሜዳ ሲያጭድ የኖረ ስለሆነ ጎማውም የሣር ጎማ ነው፤ ሰፊ፣ ጥርሱ ዝቅ ያለ፣ ሣር እንዳይጎዳ ተብሎ የተሠራ። ሣር ላይ እንደ ድመት ይሄዳል። በረዶ ላይ እንደ ሳሙና ነው።

ቦታው ሁሉ ሜዳ ቢሆን ችግር አልነበረም። ከሕንጻው ጀርባ ግን ስልሳ ሜትር የሚሆን የእግር መንገድ አለ፤ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ቁልቁል የሚወርድ። ከተከራዩ አብዛኛው መኪና የለውም። ባለፈው ዓመት ትራክተሩ እዚያ ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ አጥሩን ገጭቷል። ሦስት ጊዜ ወርዶ መውጣት አቅቶት ቆሟል። ቆሞ በነበረበት በአንደኛው ቀን አንዲት ሴት ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ለአስተዳደሩ የአቤቱታ ደብዳቤ ተጻፈ።

ኤልሮኢ ስለ ደብዳቤው የነገረው በኦክቶበር መጀመሪያ ነው። ኤልሮኢ የሕንጻው ማናጀር ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደ። እናቱ በአንድ የአማርኛ ቸርች ኳየር ውስጥ ትዘምራለች። አማርኛውን የለቀመው ከቸርቹ አዛውንቶች ስለሆነ አንቱታ ይጀምራል እንጂ አይጨርስም።

«ጋሼ ካሳዬ፣ ሶሪ። ፐርሰናል አይደለም። እርስዎን እኮ እንወድሃለን።»

«እሺ።»

«ሄድ ኦፊስ አንድ ኮንትራክተር አግኝቷል። ትልልቅ ማሽን አላቸው። ስኖውን ለነሱ ከሰጠን፣ ሱፐር ደግሞ ከወዲያኛው ሕንጻ ጋር ሼር እናደርጋለን።»

«ቤቱስ?»

ኤልሮኢ ስልኩን አየ።

«ቤቱ ከፖዚሽኑ ጋር ነው ጋሼ።»

«መቼ ነው?»

«የመጀመሪያው ትልቅ ስቶርም ላይ ያያሉ። እኔ ነኝ ቻንስ ስጡት ያልኩት። ስሎፑ፣ የኋላው ቁልቁለት፣ ሰው ወደ ሥራ ሳይሄድ ከተከፈተ ኦኬ ነው። ትራክተሩ ከቆመ ግን...»

«ገባኝ።»

«እንጸልያለን።»

«አንተ ጸልይ። እኔ ጎማውን አያለሁ።»

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጎማውን አየ። ከተማው ሞቃት ነበር፤ ሰው በሸሚዝ ይሄዳል። ካሳዬ ትራክተሩን በክሪክ አነሳ። ጎማውን አዙሮ ቫልቩን ወደ ላይ አደረገ። የአትክልት ማጠጫውን ቱቦ ገጥሞ ውሃ ለቀቀበት። ሦስት አራተኛው ሲሞላ አቆመ። ወደ ሌላው ጎማ ዞረ። የት እንደሚያቆም ማንም አልነገረውም። በሃያ ዓመቱ አሚባራ የመንግሥት እርሻ ላይ ቤላሩስ ትራክተር ይነዳ ነበር። ቀላል ትራክተር ረግረግ መሬት ላይ ሲገባ ይንሳፈፋል እንጂ አይቆነጥጥም። ስለዚህ እንዲከብድ ጎማውን ውሃ ይሞሉታል። «ያልጠጣ ትራክተር አያርስም» ይል ነበር ያስተማራቸው መካኒክ። አሚባራ አርባ ዲግሪ ነው። ውሃው ይፈላ እንደሆነ እንጂ አይረጋም።

ካሳዬ በካናዳ ሠላሳ አራት ዓመት ኖሯል። ውሃ ምን እንደሚሆን ያውቃል። የዚያን ቅዳሜም ጎማዎቹን ሞልቶ ሲጨርስ፣ የአትክልት ቧንቧው በብርድ እንዳይፈነዳ ብሎ ከውስጥ ዘጋው። ቱቦውን አንጠፍጥፎ ጠቅልሎ ሰቀለው። ጎማዎቹ ትዝ አላሉትም።

ሚስቱ ውብአለም የሞተችው ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። በአንድ የአረጋውያን ማቆያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራ ነበር። ራሴን አለች፤ ወደቀች። ካሳዬ በዚያ ሰዓት ሣር ያጭድ ነበር። ስልኩ ሰባት ጊዜ ጠርቷል። የትራክተሩ ድምፅ በለጠ። ሰልስቷንም አርባዋንም አወጣ፤ ሰው ሞልቶ ነበር። አላለቀሰም ያሉ ነበሩ። ደንዝዟል ያሉም ነበሩ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ልጃቸው ብሩክታዊት ከካልጋሪ መጥታ ሁለት ሳምንት ቆየች። የእናቷን ልብስ ካርቶን ውስጥ ልታደርግ ስትነሳ «ተዪው» አላት። ልብሱ ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደተሰቀለ ነው።

አሁን ሰኞ ነው። ሐሙስ ንጋት ላይ ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር በረዶ ይወርዳል ተብሏል። ካሳዬ ራጉኤል ጋ ደወለ።

ራጉኤል ኤግሊንተን ዌስት ላይ አንድ ጃማይካዊ የከፈተው ጎማ ቤት ውስጥ ጎሚስታ ነው። ከካሳዬ ጋር የተገናኙት በስደት ሳሉ ገዳሪፍ፣ አንድ ሰፈር ውስጥ ነው። መንገዱ ለባቡር ተቆፍሮ በከረመባቸው ዓመታት የጎማ ቤቱ ደንበኛ ሸሽቶ አለቀ። ራጉኤል የሚያደርገው ሲያጣ መቀለድ ያኔ ለመደ።

«ምን አስገባህበት?»

«ውሃ።»

«ውሃና ምን?»

«ውሃ ብቻ።»

ስልኩ ዝም አለ።

«ሄሎ?»

«አለሁ። እየሳቅሁ ነው። ሰው የበረዶ ጎማ ይገዛል፤ አንተ በረዶውን ራሱን ጎማ ውስጥ ጨመርከው?»

«ሳቅህን ጨርስ።»

«ጨረስኩ። ቆይ፣ አልጨረስኩም። አሁን ጨረስኩ። አሚባራ መሰለህ እንዴ?»

«እንጃ።»

የራጉኤል ድምፅ ወረደ። «ነድተኸዋል?»

«አሥር ሜትር።»

«በቃ አታስኪደው። በረዶው ጎማውን ከውስጥ ይበላዋል። አጠገብህ ሙቅ ቦታ ካለ እየተንፏቀቅክ አስገባውና ይቅለጥ። ረቡዕ ፓምፕ ይዤ እመጣለሁ። ሰማያዊውን፣ የመኪና መስታወት ማጠቢያውን እንሞላዋለን። እሱ አይረጋም። ሰንሰለትም ፈልጌ አመጣለሁ።»

«ሐሙስ ሳይነጋ መነሳት አለበት።»

«ካልተነሳስ?»

«ቤቱ ይሄዳል።»

ራጉኤል የሚቀልድበት አጣ። «ረቡዕ ከሰዓት» ብሎ ዘጋው።

ሕንጻው ሥር የመኪና ማቆሚያ አለ። ከቦይለሩ ክፍል ግድግዳ ጋር የተያያዘው አሥራ አራት ቁጥር የሱፐሩ ቦታ ነው። ካሳዬ ኮሮላውን ውጭ አወጣ። ጣሪያ እንዳይነካ ከትራክተሩ ወንበር ኋላ የቆመውን ብረት አጠፈና በእግር ከሚሄድ ሰው ዝግ ብሎ እያነከሰ አስገባው። የኋላውን በክሪክ አነሳ። ቀለም ሲቀቡ የሚያደርቁበትን ማሞቂያ አምጥቶ ቀኝ ጎማው ላይ ደገነ። ሲመሽ ወደ ግራው አዞረ። ጎማውን በእጁ ሲያሽከረክረው ከባዱ ጎን ተመልሶ ታች ይወድቃል፤ ውስጡ ትልቅ ድንጋይ ያለ ይመስላል።

ማክሰኞ ኤልሮኢ መጣ።

«ጋሼ፣ ትራክተሩ እዚህ ምን ያደርጋል?»

«ይሞቃል።»

«ተበላሸ እንዴ?»

«ጎማው ውስጥ ውሃ ነበረ። ቀዘቀዘ።»

«ማን ነው ውሃ ያስገባበት?»

ካሳዬ «የሸጡልን ሰዎች» ማለት ይችል ነበር። መዋሸትም ጉልበት ይፈልጋል።

«እኔ ነኝ» አለ።

ኤልሮኢ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ኦ ማይ ጎድ። ኦኬ። ኦኬ። ይኼን ሄድ ኦፊስ አልነግርም። ግን ሐሙስ ካሜራውን ራሳቸው ነው የሚያዩት፤ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።»

«እሺ።»

«ሌላው ኦርደሩ፣ የጠረጋው ተራ ነው። ሊስቱ ላይ ፊተኛው በር አንደኛ ነው፣ ስሎፑ ሦስተኛ። ያለፈውን ዓመት ቪዲዮ አየሁት። ሁልጊዜ ከኋላ ነው የምትጀምረው። የሚጀምሩት። ዋይ?»

ካሳዬ ማሞቂያውን ወደ ቀኙ ጎማ መለሰ።

«ልማድ ነው» አለ።

ውብአለም አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ገና ሳይነጋ፣ በፈረንጅ ሰዓት የአምስት ከሃያውን አውቶቡስ ነበር የምትይዘው። በረዶ በጣለ ቀን ካሳዬ አራት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ የኋላውን ከፍቶ ይጨርስና ወደ ፊት ይዞራል። ተነጋግረውበት አያውቁም። እሷም መንገዱ ለምን ሁልጊዜ ተከፍቶ እንደሚጠብቃት አልጠየቀችውም።

ራጉኤል ረቡዕ ከሰዓት መጣ። ፓምፕ፣ ሃያ አራት ጋሎን ሰማያዊ ፈሳሽ፣ በጆንያ ሙሉ ሰንሰለት ይዟል። ሰንሰለቱ የጭነት መኪና ነው፤ ቆርጦ አሳጥሮታል። ቫልቩን ወደ ታች አዙረው ነቀሉት። መጀመሪያ ምንም አልመጣም። ቀጥሎ ትንሽ የበረዶ ፍርፋሪ ተተፋ። ከዚያ ውሃው መጣ፤ ቀይ ዝገት የመሰለ፣ ጣት የሚቆርጥ። ባልዲ በባልዲ እያደረጉ ወለሉ ላይ ወዳለው ፍሳሽ ደፉት። ጓንት የሚያዳልጥ ስለሆነ ካሳዬ በባዶ እጁ ይይዛል።

«እጅህ በብርድ ሰማያዊ ሆነኮ» አለ ራጉኤል። «አይሰማህም?»

«ይሰማኛል።»

«ትተኛለህ?»

«እተኛለሁ።»

«ትበላለህ?»

«እበላለሁ።»

«ታለቅሳለህ?»

«ያንን ቫልቭ አጥብቀው።»

ራጉኤል አጠበቀው። ፓምፑን ገጥሞ ሰማያዊውን መግፋት ጀመረ። ካሳዬ ከላይ፣ ከተዘጋው የተከራዮች ጂም፣ የክብደት ብረቶች በጋሪ አወረደ፤ ስምንት ባለ ሃያ ኪሎ። ከትራክተሩ ኋላ በሰንሰለት አሰሯቸው። ፊት ለፊት ያለው የበረዶ መግፊያ ከባድ ስለሆነ ኋላው ካልከበደ ጎማው መሬቱን አይቆነጥጥም። በመጨረሻ ሰንሰለቱን ጎማዎቹ ላይ አለበሱ። ራጉኤል ወለሉ ላይ ተቀምጦ አየው።

«ጎማው ሰማያዊ ጠጥቷል፤ ወገቡ ላይ ብረት ታጥቋል፤ እግሩ ላይ ሰንሰለት አለ» አለ። «ከዚህ በኋላ ከተንሸራተተ ጥፋቱ የትራክተሩ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የነጂው። ዳገት ላይ ያቺን ፔዳል እንዳትረሳት።»

ፔዳሏ ከወንበሩ ሥር ናት፤ ስትረገጥ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ይዞራሉ። ካልተረገጠች አንደኛው ሲያዳልጥ እሱ ብቻ በባዶ ይሽከረከራል፤ ሌላው ቆሞ ያያል።

ሐሙስ ካሳዬ አራት ሰዓት ላይ ነቃ። መስኮቱ ነጭ ነበር። ከማቆሚያው ሲወጣ በረዶው እስከ ቅልጥሙ ደርሷል፤ ገናም ይወርዳል። የፊተኛው በር በቀኙ ነው። በሩ ላይ መብራት አለ፤ ከመብራቱ በላይ ካሜራ። ካሳዬ መሪውን ወደ ግራ አዞረ።

ቁልቁለቱን ሲወርድ ትራክተሩ አልተንሸራተተም። ሰንሰለቱ እየነከሰ፣ መግፊያው በረዶውን ወደ ጎን እያጋደመ እስከ ፌርማታው ወረደ። አዙሮ ሽቅብ ጀመረ። አጋማሹ ላይ ቀኙ ጎማ ከሥር የተኛ የቆየ በረዶ አገኘና በባዶው መዞር ጀመረ። ትራክተሩ ቆመ። ነዳጅ ጨመረ። በረዶ ወደ ኋላ ተረጨ። አልተንቀሳቀሰም።

ላይ፣ ዳገቱ አናት ላይ፣ ሰው ቆሟል። ጸሐይወርቅ ናት፤ ስምንተኛ ፎቅ የምትኖር፣ ሆስፒታል የምታጸዳ። ከውብአለም ጋር በአንድ አውቶቡስ ነበር የሚሄዱት። አሁን ብቻዋን ነው የምትሄደው።

«ካሳዬ!»

«አቤት!»

«ቆመ እንዴ?»

«አልቆመም!»

«እኔ ግን ቆሞ ነው የማየው!»

ካሳዬ ትንሽ ወደ ኋላ ለቀቀው፤ እንደገና ሞከረ። ያው ቦታ ላይ ያው ጎማ ዞረ። ሰዓቱ አምስት ከአምስት ይላል። ከጸሐይወርቅ ኋላ ሁለት ሰዎች መጥተው ቆሙ።

«ኋላው ቀሎት ከሆነ እኔ ልቀመጥበት?» አለች ጸሐይወርቅ። «ዘጠና ሁለት ኪሎ ነኝ። ትናንት ነው ሐኪሙ መዝኖ የተቆጣኝ።»

«ሰው መጫን ክልክል ነው!»

«ውብአለምን ጭነሃት የለም ወይ? እስከ ፌርማታ ወስደሃታል። ለማንም አትንገሪ ብላ ነግራኛለች።»

ካሳዬ ጭኗት ያውቃል። አንድ ቀን ነው። ያኔ ትራክተሩ ገና እንደተገዛ ነው። የጎማው መሸፈኛ ላይ ተቀምጣ በአንድ እጇ ትከሻውን፣ በሌላው የምሳ ዕቃዋን ይዛ ነበር። ቀስ በል እያለች ትስቅ ነበር። ያን ቀን አድርሷት ሲመለስ፣ ፔዳሏን ረግጦ ነው ዳገቱን የወጣው።

ፔዳሏ። እግሩ ወንበሩ ሥር ገባና ረገጣት።

ትራክተሩ ነቅነቅ አለ። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ያዙ። ሰንሰለቱ የተኛውን በረዶ ሲሰብረው ተሰማ። አንድ ሜትር። ሦስት ሜትር። አናቱ ላይ ደርሶ ወደ ጎን ወጣላቸው። ጸሐይወርቅ በአጠገቡ ስታልፍ የመግፊያውን ብረት በጓንቷ መታ መታ አደረገችው። ሦስቱም ወረዱ። ካሳዬ ጨው እየበተነ ተከተላቸው። አውቶቡሱ ሲመጣ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ተከፍቶ ነበር። ሌሎች መጡ፤ ሌሎችም። አንገታቸውን ደፍተው ወረዱ። የተጠረገ መንገድ ማንም አያይም።

ወደ ፊት ሲዞር ስድስት ሰዓት አልፏል። ኤልሮኢ በከተማ ጫማው በረዶ ውስጥ ቆሞ ስልክ ይዟል።

«ጋሼ! ሄድ ኦፊስ ናቸው! ፊተኛው በር አልተነካም እያሉ ነው! ሊስቱን ነግሬህ ነበር! ነግሬዎት!»

«የኋላው ተከፍቷል።»

«በዚህ ሰዓት ከኋላ ማን አለ?»

«ሄደህ እይ።»

ኤልሮኢ ሄደ። ካሳዬ ፊተኛውን በር ጠረገ፤ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ኤልሮኢ ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ነጭ ነበር። ስልኩ ላይ አንድ ነገር ጽፎ ላከ።  ካሳዬ ምን እንደጻፈ አልጠየቀውም። ቤቱ ገብቶ ቦት ጫማውን አወለቀ። በሩ አጠገብ፣ ከውብአለም ቦት ጫማ ጎን አቆመው። እጁን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነከረና ጣቶቹ እስኪቆጠቁጡት ጠበቀ። ብዙ ቆየ።

አርብ ጠዋት ኤልሮኢ ወረቀት ይዞ ቦይለሩ ክፍል መጣ።

«ካሜራውን ቆጠሩት ጋሼ። እስከ ሰባት ሰዓት በኋላው ሰማንያ አንድ ሰው ወርዷል። በፊተኛው አሥራ አንድ ነው የወጣው። አላወቁም ነበር። እኔም አላወቅሁም።»

«እና?»

«ኮንትራክተሩ አይመጣም። እስከ ኤፕሪል። ከዚያ እንደገና ያያሉ። ቤቱ ያው ነው።»

«እሺ።»

«ደስ አላለህም? አላለዎትም?»

«እሺ አልኩህ እኮ።»

 ኤልሮኢ ግድግዳው ላይ የነበረውን አሮጌ የጠረጋ ዝርዝር ነቅሎ አዲሱን ለጠፈ። «እንግዲህ በርቱ» አለና ወጣ።

ካሳዬ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። እንግሊዝኛ ነው፤ አምስት መስመር። አንደኛ፦ የኋላው ቁልቁለት፣ ከአምስት ከሃያው አውቶቡስ በፊት። ሁለተኛ፦ ፊተኛው በር። የቀረውን አላነበበም። አንደኛውን ግን ሁለት ጊዜ አነበበ። አሥራ ስድስት ዓመት ዝርዝሩን ሲጥስ ኖሮ፣ አሁን ጥሰቱ ራሱ ዝርዝር ሆኖ ተለጥፏል። የማንም ስም አልተጻፈበትም።

ወደ አሥራ አራት ቁጥር ሄደ። ውጭው ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ነው፤ ማታ እንደገና ይጥላል ተብሏል። ተንበርክኮ የግራውን ጎማ ቫልቭ በጥፍሩ ጫን አደረገው። ሰማያዊ ጠብታ ጣቱ ላይ ፈሰሰች፤ አልረጋችም። ጣቱን በሱሪው ጠረገና ክዳኑን መልሶ አጠበቀ።